ከእምብርት በታች የማይለቅ ሕመምና የትዳር አልጋ

«አልትራሳውንዱ ንጹህ ነው፤ ምንም የለብሽም» ተብላ ከክሊኒክ የምትወጣ ሴት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ዕጢ የለም፣ ውሃ የቋጠረ ነገር የለም፣ ማህፀኗም ደህና ነው። ሕመሙ ግን አብሯት ባጃጅ ይሳፈራል። የሐዋሳ አስፋልት ላይ እስካሉ ድረስ ብዙም አይሰማትም። ወደ ሰፈር ታጥፈው ኮብልስቶኑ ሲጀምር ግን መዳፏን ወንበሩ ላይ ተክላ መቀመጫዋን ከፍ ታደርጋለች፤ ድንጋዩ ባነጠራት ቁጥር ታች ሆዷን ይወጋታል። ቤት ስትደርስ ባሏ «ምን አሉሽ?» ይላል። «ምንም የለም አሉ» ትላለች። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይጀምራል።

አልትራሳውንዱ አልዋሸም፣ እሷም አልዋሸችም። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ላስረዳና ወደ አልጋው ጉዳይ እገባለሁ። ሐኪም የማይጠይቀው፣ ታማሚዋም የማትናገረው እሱን ነውና።

ሐኪሞች ሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም የሚሉት ከእምብርት በታች፣ በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች መካከል የሚሰማና ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ ሕመምን ነው። ሦስት ወር ይበቃል የሚሉም አሉ። ሁልጊዜ አይኖርም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። በወር አበባ ሰሞን ይብሳል፤ ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ፣ ሲሸኑ፣ ሲጸዳዱ ወይም ግንኙነት ሲደረግ ይቀሰቀሳል። ወደ ወገብና ወደ ጭን የሚወርድም አለ። ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ «ብርድ ነው» ይባላል። ሲቆይ «የማህፀን ኢንፌክሽን» የሚል ስም ይወጣለትና የሳምንት አንቲባዮቲክ ይዋጥለታል። ሳይሻል ሲቀር ደግሞ ሌላ ሳምንት።

አልትራሳውንድ የሚያየውና የማያየው

አልትራሳውንድ የሚያየው ቅርጽ ነው። ማዮማ (የማህፀን ዕጢ)፣ ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ላይ ያለ ሲስት (ውሃ የቋጠረ ነገር)፣ ያልታሰበ እርግዝና ካለ ያሳያል። ስስ ሆኖ እንደ ጠባሳ የተነጠፈን ነገር፣ እርስ በርሱ የተጣበቀን አንጀት፣ የተኮማተረን ጡንቻ፣ የተቆጣን ነርቭ ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም። የሚቆይ የዳሌ ሕመም ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከእነዚሁ ነው፤ ያውም ከአንዱ ብቻ ሳይሆን ከሁለት ሦስቱ ተደራርቦ።

በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው። የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ ኦቫሪ ላይ፣ ከማህፀን ጀርባ፣ አንዳንዴም አንጀትና ፊኛ ላይ ይበቅላል። ወር በመጣ ቁጥር እሱም ያብጣል፣ ይቆጣል፤ እየቆየም ጠባሳና መጣበቅ ይፈጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 ከመቶ ያህሉ፣ ይህም በዓለም ዙሪያ 190 ሚሊዮን ገደማ ሴቶች፣ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገምታል። ብዙዎቹ ከወጣትነት ጀምሮ በወር አበባ ሰሞን ከትምህርት ቤት ይቀሩ ነበር፤ «ስትወልጂ ይተውሻል» ተብለው ዝም ብለዋል። የወር አበባ መጠነኛ ቁርጠት ያለ ነገር ነው። አልጋ ላይ የሚጥል፣ የሚያስመልስ፣ ማስታገሻ የማይመልሰው ሕመም ግን በየወሩ ሊለመድ የሚገባው ነገር አይደለም። አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ በአሁኑ አሠራር ሕክምና ለመጀመር የግድ ሆድን በካሜራ ማየት አያስፈልግም። ሐኪሙ ከታሪኳና ከምርመራው ተነስቶ ከጠረጠረ መድኃኒት መሞከር ይችላል።

ሁለተኛው የቆየ ኢንፌክሽን ያስቀመጠው ጠባሳ ነው። ክላሚዲያና ጨብጥ ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦዎቹ ወጥተው ቁስለት ይፈጥራሉ። ጀርሙ ከጠፋ በኋላም መጣበቁና ሕመሙ ሊቀር ይችላል። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ ኢንፌክሽኑ እውነት ከሆነ ባልም አብሮ ይታከማል። እሷ ብቻ ኪኒን እየዋጠች እሱ «እኔ ምንም የለብኝም» የሚልበት ቤት ውስጥ ጀርሙ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ ይኖራል፤ ወንዱ ምልክት ሳይኖረው ሊሸከመው ይችላልና። ኢንፌክሽን ካልሆነ ደግሞ ሲፕሮና ዶክሲ የሚባሉ አንቲባዮቲኮችን እያቀያየሩ መዋጥ ጨጓራን ከመጉዳትና ጀርምን ከማስለመድ በቀር ምንም አይፈይድም። በእኛ አገር የማህፀን ቱቦ ቲቢም እንዳለ መዘንጋት የለበትም። በተለይ ሕመሙ ከልጅ ማጣት፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከማታ ላብ ጋር ሲመጣ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፊኛም የራሱ ሕመም አለው። ሽንት ሲጠራቀም የሚያም፣ ሲሸኑ ለጥቂት ጊዜ የሚቀልና በምርመራ ጀርም የማይገኝበት ዓይነት ነው። «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» ተብሎ በየጊዜው የሚታከም ግን ምርመራው ንጹህ እየሆነ የሚያስቸግር ሰው ይህን ያስብ። ቡና፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚና ለስላሳ መጠጥ የሚያብሱባቸው ሰዎች አሉ። በሲዳማ ምድር ለተቀመጠ ሰው «ቡና ተው» ማለት ቀላል አይደለም፤ ደግሞም ሁሉንም ሰው አይጎዳም። ሁለት ሳምንት ተወት አድርጎ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ ማየት ነው። ከቡናው ንጹህ ሆኖ የተገኘ ሰው በነጻነት ይጠጣ። አንጀቷ የሚነፋት፣ አንድ ሰሞን የሚያደርቃት ሌላ ሰሞን የሚያስቀምጣት ሴትም ሕመሙ ከማህፀን ሳይሆን ከአንጀት ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀት ብቻውን የዳሌ ሕመምን ያባብሳል።

ግርዛትንም እዚህ ማንሳት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 ከመቶው የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ያስቀጣል፤ የተቆረጠው ግን ተቆርጧል። ጠባሳው የማይለጠጥ ይሆናል፣ የተቆረጠ ነርቭ ጫፉ ላይ ትንሽ ሲነካ የሚነዝር እብጠት ሊሠራ ይችላል፣ በተሰፋ ብልት ላይ ደግሞ ግንኙነቱ ራሱ ቁስል ይሆናል። ይህ ያለባት ሴት ለሐኪሟ በግልጽ ትንገር። የተሰፋውን በቀላል ቀዶ ጥገና መክፈት ይቻላል፣ የጠባሳ ሕመምም ሕክምና አለው። በወሊድ ጊዜ የተቀደደና የተሰፋ ቦታ ላይ የሚቀር ሕመምም የዚሁ ዘመድ ነው።

የተረሳው ጡንቻ

ከፊት ከብልት አጥንት እስከ ኋላ ጅራት አጥንት ድረስ ተወጥሮ ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን ከታች የሚደግፍ የጡንቻ ወለል አለ። ሽንት የምንይዘው በእሱ ነው፣ በግንኙነት ጊዜ የሚላላውም እሱ ነው። ሰው ሲያመው ሳያስበው ይኮማተራል፤ ጥርሱን ይነክሳል፣ ትከሻውን ይሰበስባል። የዳሌው ወለልም እንዲሁ ነው፤ የሚለየው ለዓይን አለመታየቱ ነው። በወር አበባ ሕመም፣ በኢንፌክሽን ወይም በፍርሃት ምክንያት ለወራት የተኮማተረ ጡንቻ በመጨረሻ ራሱ የሕመም ምንጭ ይሆናል። መጀመሪያ ያስነሳው ነገር ድኖ እንኳ እሱ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ የልብስ ስፌት ማሽን ላይ ተቀምጣ የምትውል፣ ሽንቷንም እስከ እረፍት የምትይዝ ሴት ይህ ጡንቻዋ ሳይላላ ይውላል።

ሐኪም ይህን የሚያውቀው በአንድ ጓንት ባጠለቀ ጣት ነው። ቀስ ብሎ ጡንቻውን በግራ፣ በቀኝና ከኋላ ሲጫን የሚያውቋት ሕመም ይነሳል፤ «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» የሚሉ ታማሚዎች አሉ። ይህን ምርመራ የሚያደርግ ግን ሁሉም አይደለም፤ ስለዚህ «ጡንቻዬንም እዩልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል፤ ስልክ ላይ የሚዘዋወረው «ማህፀን የሚያጠብቅ» ስፖርት ለተኮማተረ ጡንቻ ተቃራኒ መድኃኒት ነው። የሚያስፈልገው ማላላት እንጂ ማጥበቅ አይደለም።

ማላላቱ የሚጀምረው ከእስትንፋስ ነው። ጀርባ ላይ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ ማድረግ። በአፍንጫ ሲስቡ ሆዱ ይነሳ፣ ታችም መቀመጫው ሲከፈት ይሰማ፤ ሽንት ሊጀምር ሲል እንደሚሰማው መልቀቅ ማለት ነው። በአፍ ቀስ ብሎ ማውጣት። በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ። ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል፤ ለሳምንታት ሲደረግ ግን ለውጡ ይታያል። ሙቀትም ይረዳል። የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ፣ የማይፈላ ውሃ ሞልቶ በነጠላ ጠቅልሎ ታች ሆድ ላይ ወይም በሁለቱ ጭኖች መካከል መያዝ በቂ ነው። በዚህ ጡንቻ ላይ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ማግኘት ከአዲስ አበባ ውጭ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም በሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ጠይቆ ቢያንስ የዳሌና የወገብ ማላላቻ እንቅስቃሴ መማር ይቻላል።

ከጡንቻው ጋር ነርቭም ይለወጣል። አንድ ጊዜ ሌባ የገባበት ግቢ ውሻ ከዚያ በኋላ ጎረቤቱንም፣ ቅጠሉንም፣ ነፋሱንም ሲጮህበት ያድራል፤ ጆሮው ተስሏልና። ለረጅም ጊዜ የታመመ አካባቢ ነርቭም ይህን ይመስላል፤ ትንሽ ንክኪን፣ የሞላ ፊኛን፣ የጠበቀ ሱሪን እንደ አደጋ ወደ አንጎል ያስተላልፋል። ሕመሙ ውሸት አይደለም፤ የሕመም ስሜት የሚሠራበት ስርዓት ራሱ ሚዛኑን ስቷል። ስለዚህ ነው ሐኪሙ አንዳንዴ ለድብርት የሚታወቀውን አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ማታ ማታ የሚያዝዘው። ወረቀቱን ያነበበ ፋርማሲ ያለ ሰው «የአእምሮ መድኃኒት ነው» ሲላት የምትደነግጥ ሴት ብዙ ናት። እብድ ነሽ ማለታቸው አይደለም፤ በዚያ መጠን የነርቭን ጩኸት ያረግባል። አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ሆድም ሊያደርቅ ይችላል። የልብ ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ በራስ ፈቃድም በአንዴ አይቋረጥም።

አልጋው

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሴት ልጅ ከተዳረች ጀምሮ የሚነገራት አንድ ምክር አለ፤ «ቻይው፣ ትዳር እንዲህ ነው፣ ሲለመድ ይተዋል»። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ሊሆን ይችላል። ለዳሌ ሕመም ግን ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም። ምክንያቱ የሞራል ጉዳይ አይደለም፤ የሰውነት አሠራር ነው።

አንዴ ያመመ ግንኙነት በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃት ይዞ ይመጣል። የፈራ ሰውነት አይረጥብም፣ ደሙ ወደ ብልት አይፈስም፣ የዳሌው ወለል ይኮማተራል። በደረቀና በተኮማተረ ቦታ የሚደረግ ግንኙነት ደግሞ ከበፊቱ ይብሳል። አንጎል ይህን ይማራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጡንቻው ለመኮማተር ንክኪ እንኳ አይጠብቅም፤ በሩ ሲቆለፍ ወይም መብራቱ ሲጠፋ ይጀምራል። ጥርሷን ነክሳ የምትችል ሴት ጡንቻዋን የበለጠ ታስተምረዋለች፣ ነርቩንም የበለጠ ትስለዋለች። «ሲለመድ» የተባለው ነገር በእርግጥ ይለመዳል፤ የሚለመደው ግን ሕመሙ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ቤት ለቤት ይመሳሰላል። ትንሹን ልጅ መሃል ታስተኛለች። ባሏ እስኪተኛ ድረስ ወጥ ቤት ሥራ ትፈጥራለች ወይም ፊልም ታያለች። ጸጉሯን ሲነካት ትሸሻለች፤ ካቀፋት ወደዚያ እንደሚሄድ ታውቃለች። እሱ በበኩሉ «ጠላችኝ» ብሎ ይደመድማል፣ ወይም «ሌላ ሰው አለ»። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ማምሸት ይጀምራል። ሚስቱን ማሳመም የሚያስጨንቀው ባል ደግሞ የራሱ ብልት አልቆም ይለዋል፤ ይህንንም ለማንም አይናገርም። ሁለቱም ለየብቻ ያፍራሉ። ልጅ ያልወለዱ ከሆነ የአማት «አሁንም የለም እንዴ?» ይጨመርበታል።

ሌላ ዓይነትም አለ። ከሠርጉ ወራት አልፎ ግንኙነት ጨርሶ ያልተቻለባቸው ጥንዶች። ሲሞከር በሩ እንደተዘጋ ግድግዳ ይሆናል። ይህ ቫጂኒስመስ ይባላል፤ የዳሌው ወለል ያለ እሷ ፈቃድ ጨምድዶ የሚዘጋበት ሁኔታ ነው። ሽማግሌ ተጠርቶ «ለባልሽ ታዘዢ» የተባለች ሙሽራ ልትታዘዘው በማትችለው ነገር ነው የተወቀሰችው። ሕክምናው ረጅም ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከዳሌ ችግሮች ሁሉ ጥሩ ውጤት ከሚገኝባቸው አንዱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ጊዜ ይሁን ተብሎ ለተወሰኑ ሳምንታት መግባቱን ማቆም ነው። ቃሉ ከሁለቱም ይውጣ፤ በኩርፊያ የሆነ ማቆም አይረዳም። ስምምነቱ «መግባት የለም፣ መተቃቀፍ ግን አለ» የሚል ነው። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፣ ለብዙ ሴት ግን ትልቅ እፎይታ ነው። እቅፍ ወደ ሕመም እንደማይሄድ ሰውነቷ ካወቀ መሸሹን ይተዋል። በእነዚህ ሳምንታት ጀርባ ማሸት፣ መሳሳም፣ በእጅ መደሰት ይቻላል። ወሲብ ማለት መግባት ብቻ ነው ብሎ ያደገ ወንድ እዚህ ላይ ትንሽ ይከብደዋል፤ ብዙዎቹ ግን ሚስታቸው እንደ ገና ስትስቅ ሲያዩ ይገባቸዋል።

ንግግሩ ራሱ አልጋ ላይ አይደረግ። ያ ቦታ ለሁለቱም የፈተና አዳራሽ ሆኗል። የሐዋሳው ፍቅር ሐይቅ ዳር እየተራመዱ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ማውራት ይቀላል። ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ «አንተን ጠልቼ አይደለም። ሲገባ ያመኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያመኝ ያድራል። እየፈራሁ ነው የምጠብቅህ። አብረኸኝ ሐኪም ጋ ሂድ።» ባልም ከ«ለምን?» ይልቅ «የቱ ያምሻል፣ የቱ ይመችሻል?» ቢል ይሻላል። እሱም ስለራሱ ይናገር፤ ናፍቆቱም ፍርሃቱም እውነት ነውና።

ወደ ግንኙነት ሲመለሱ በዝግታ ነው። ብቻዋን፣ በራሷ ጣት፣ በእስትንፋሱ ልምምድ ታጅባ ትጀምራለች፤ ከዚያ በሐኪም ምክር መጠናቸው ቀስ በቀስ የሚጨምር ማለማመጃዎች አሉ። ከባሏ ጋር ሲሆን መሪዋ እሷ ናት፤ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን እሷ ትወስን። እሷ ከላይ ስትሆን ጥልቀቱን ራሷ ትቆጣጠራለች፤ በጎን ተኝቶ መሆን ደግሞ ጥልቀቱን ይቀንሳል። «በቃ» ስትል ወዲያው ይቆም፤ «ትንሽ ብቻ» የለም። አስቀድሞ ሽንት መሽናት፣ በሙቅ ውሃ መታጠብ፣ ሐኪም የፈቀደውን ማስታገሻ ከአንድ ሰዓት በፊት መውሰድ ይጠቅማል። ከወር አበባ በፊት ያሉት ቀናት ለብዙዎች መጥፎ ስለሆኑ ጊዜውንም መምረጥ ነው። ማታ የደከመ ሰውነት ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋትን የሚከለክል የለም።

ማለስለሻ መጠቀም እንደ ሽንፈት መታየት የለበትም። ውሃ ነክ የሆነው ፋርማሲ ይገኛል። ቫዝሊንና የምግብ ዘይት ኮንዶምን ያበላሻሉ፣ ኮንዶም ለሚጠቀሙ አይሆኑም። የምታጠባ እናትና የወር አበባዋ የቆመ ሴት በሆርሞን ምክንያት ስለምትደርቅ ሕመሙ ከዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለኋለኛዋ በብልት የሚደረግ የኢስትሮጅን ቅባት ወይም እንክብል ብዙ ይረዳል። ብልትን ከውስጥ በሳሙና፣ በዴቶል፣ በጨው ወይም በሎሚ ማጠብ ግን ይቅር። ያደርቃል፣ ያቃጥላል፣ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል። ብልት ውስጡን ራሱ ያጸዳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሁለቱ ሲስማሙ ነው። እምቢታዋ የማይከበርባት ሴት ችግሯ ከጡንቻ ማላላት በላይ ነው፤ በአንዳንድ ሆስፒታሎች ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ሕክምናንና የሕግ ድጋፍን በአንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት ስላሉ ለምታምናት ነርስ ለብቻዋ ትንገር።

ስለ መድኃኒቱ

ለወር አበባና ለኢንዶሜትሪዮሲስ ሕመም አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ሕመሙ ሳይበረታ ሲጀመሩ ይሻላሉ። በባዶ ሆድ ግን ጨጓራ ያቆስላሉ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ዲክሎፌናክ ጠዋት ውጦ መዋል የለበትም፤ ከምግብ በኋላ ያሉትን ሰዓታት ያድርገው፣ ካልሆነም ሐኪሙንና ንስሐ አባቱን ያማክር። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም እርግዝና ካለ ሳይጠይቁ አይወሰድም።

የሆርሞን መድኃኒቶች የወር አበባን በማሳነስ ወይም በማቆም ኢንዶሜትሪዮሲስን ያረጋጋሉ። እንክብሉ፣ በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረው፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ስለሆኑ ብቻ «እኔ ልጅ ነው የምፈልገው» ብሎ መሸሽ አለ። ልጅ አሁኑኑ የምትፈልግ ሴት ሌላ መንገድ ያስፈልጋታል፤ በኋላ የምትፈልግ ግን ሕመሟን እያስታገሰች መቆየት ትችላለች። ከመርፌው በኋላ ማርገዝ ወራት ሊዘገይ እንደሚችል አስቀድማ ትወቀው። ማህፀን ማስወጣትን በተመለከተ ደግሞ እርግጠኛ መፍትሔ አድርገው የሚያዩት አሉ። ሕመሙ ከጡንቻና ከነርቭ ከሆነ ማህፀኑ ወጥቶ ሕመሙ ሊቀር ይችላል፤ ከቢላዋ በፊት ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወንዶችም

«የሴት በሽታ» ብሎ ያነበበ ወንድ ትንሽ ይቆይ። በብልትና በመቀመጫ መካከል የሚያም፣ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲሸኑ የሚያቃጥል፣ ዘር ከፈሰሰ በኋላ የሚነዝር ሕመም ወንዶችም ላይ አለ። «ፕሮስቴት ነው» ይባልና አንቲባዮቲክ ይጀመራል። የፕሮስቴት ቁስለት ምልክት ካለባቸው ወንዶች ግን ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ባክቴሪያ አይገኝባቸውም፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳምማቸው ያው የተኮማተረው የዳሌ ወለል ጡንቻና የተቆጣው ነርቭ ነው። ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ሲነዳ የሚውል፣ ብስክሌት የሚያዘወትር ሰው መቀመጫውን ያስተካክል፣ በየሰዓቱ ይነሳ፣ የእስትንፋሱንም ልምምድ ይሞክር። ግንኙነትን የሚፈራ ወንድ ለሚስቱ ምክንያቱን ካልነገረ እሷም በተራዋ «ሌላ አለው» ማለቷ አይቀርም።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

የወር አበባ ዘግይቶ በአንድ ጎን ድንገተኛ ከባድ ሕመም ከመጣ፣ በተለይ ማዞር ካለው፣ ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ትኩሳትና የሚሸት ፈሳሽ ያለው ሕመምም አያድርም። ከግንኙነት በኋላ መድማት ወይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ የታየ ደም የማህፀን በርና የማህፀን ምርመራ ይፈልጋል፤ የማህፀን በሩ ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል፣ ከጥቂት ደቂቃም በላይ አይፈጅም። በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አለመቆጣጠር፣ በሽንት ወይም በሰገራ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለም ቶሎ መታየት ነው።

ከነዚህ ውጭ ላለ ሕመም መነሻው ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚታከም ሰው ከዚያ ሪፈር ሳያጽፍ አዳሬ ሆስፒታል ወይም በተለምዶ «ሪፈራል» የሚባለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቢሄድ ወጪው በራሱ ሊሆን ይችላል። ወረፋው ረጅም፣ ከሐኪሙ ጋር ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ተዘጋጅቶ መሄድ ይበጃል። አንድ ወር ሙሉ በደብተር ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ሕመሙ ከአሥር ስንት እንደሆነ፣ የወር አበባ ቀኖች፣ ሽንትና ሰገራ፣ ግንኙነት ተደርጎ ከሆነ ያመመው መግቢያው ላይ ነው ወይስ ወደ ውስጥ ሲገባ። ይህ የመጨረሻው ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። መግቢያው ላይ የሚያም ከሆነ ድርቀት፣ ጠባሳ፣ ኢንፌክሽንና ጡንቻ ይታሰባል፤ ወደ ውስጥ የሚያም ከሆነ ኢንዶሜትሪዮሲስና መጣበቅ። የተዋጡት አንቲባዮቲኮች ማሸጊያ፣ የቀድሞ አልትራሳውንድ ወረቀቶች ሁሉ በአንድ ፌስታል ይያዙ። አፍ አልከፈት ካለ የተጻፈውን ደብተር ለሐኪሙ መስጠት ይቻላል፤ ሴት ሐኪም መጠየቅም መብት ነው። የተጀመረው መድኃኒት በሦስት ወር ውስጥ ለውጥ ካላመጣ ያንኑ ደብተር ይዞ መመለስና «ይህ አልሠራም፣ ቀጣዩ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።